አባባ ከቤት መውጣት ለምን ተዉ?

ለውጡ የሚጀምረው ከሩቁ መንገድ ነው። ጡረታ ከወጡ ጥቂት ዓመታት ያለፋቸው አባት ከለገጣፎ መገናኛ በታክሲ መውረድ «ይደክመኛል» ማለት ይጀምራሉ። ትንሽ ቆይቶ የእድር ስብሰባ ይቀራል። ከዚያ ሰንበቴው፣ ከዚያ ለቅሶው፤ አንድ ቀን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቀድሱ የኖሩ ሰው እሑድ ጠዋት ቤት ይውላሉ። ልጆች «አባባ አረጁ» ይላሉ። ጎረቤት «ምን አስቀየምናቸው?» ይላል። ሌሊት የመኝታ ቤታቸው በር አራት አምስት ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማ የቤት ሰው ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ያውቃል እንጂ አያነሳውም።

ጉዳዩ ሽንት ነው።

በዕድሜ የገፉ ወንዶች የሽንት ችግር ከአእምሮ ጤና ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር በብዙ አገር ተጠንቷል። የጥናቶቹ መልስ ተቀራራቢ ነው፤ ሽንት ያስቸገረው ሰው ለድብርትና ለጭንቀት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ የተደበረና የተጨነቀ ሰውም የሽንት ችግሩ ይበረታበታል። ሁለቱም ይታከማሉ። ችግሩ፣ ስለ ሽንት የሚጠይቅ ሐኪም ስለ ስሜት ሳይጠይቅ፣ ስለ ስሜት የሚጠይቀውም ስለ ሌሊቱ መነሳት ሳይጠይቅ ታማሚው ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

እንደ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉት፣ አዲስ አበባን ከበው በሚገኙትና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት ከተሞች፣ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። እዚህ ከሚኖሩት አዛውንቶች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መሀል ከተማ ነው፤ የሥራ ባልደረባ፣ የድሮ ሰፈር ሰው፣ የቆየ እድርና ማኅበር ያላቸው እዚያ ነው። ወዳጅ ለመጠየቅ ታክሲ መሳፈር፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ መቀመጥ ግድ ነው። ሽንቱን ግማሽ ሰዓት መቋጠር ለማይችል ሰው ያ ጉዞ ፈተና ነው። «ወራጅ አለ» ብሎ ቢወርድስ የት ይሄዳል? የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በቅርብ የማይገኝበት መንገድ ብዙ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከቤት ሳይወጡ በፊት መንገዱን በሽንት ቤት ይለኩታል፤ የት ሆቴል ገብቼ ልለምን፣ የት አጥር ጥግ ልቁም እያሉ። ለአንድ የተከበረ አባት ይህ ሐሳብ ራሱ ያሳፍራል። ቤት መቀመጥ ይቀላል።

የችግሩ ዋና ምንጭ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ ነው። ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ይዞ የሚቀመጥ፣ በጎልማሳነት የትንሽ ሎሚ ፍሬ የሚያህል፣ የወንድ ዘር ፈሳሽን ከፊሉን የሚያመነጭ አካል ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ቀስ እያለ ያድጋል። በሬሳ ምርመራ በተደረጉ ጥናቶች በሃምሳዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ካለፉት ደግሞ ከአሥር ስምንትና ዘጠኙ ላይ ዕድገቱ ተገኝቷል። ይህ ካንሰር አይደለም። ዕጢው ሲያብጥ ግን ቧንቧውን ያጠብባል፤ ፊኛው ሽንቱን ለመግፋት ሲታገል ጡንቻው ይወፍራል፣ ይቆጣል፣ ትንሽ ሲሞላ እንኳ «አሁን!» ይላል። ሽንት ለመጀመር መዘግየት፣ መቆራረጥ፣ መሳሳት፣ ጨርሶ ሲነሱ መንጠባጠብ፣ እንዲሁም ሌሊት ደጋግሞ መነሳት የሚመጡት ከዚህ ነው። የስኳር በሽታ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስትሮክ፣ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጡ በግምት መወሰን አይቻልም።

በኢትዮጵያ አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ፕሮስቴታቸው ችግር እስኪሆን ድረስ የሚኖሩ ወንዶች ከአባቶቻቸው ዘመን ይልቅ በዝተዋል ማለት ነው።

የሽንቱ ችግር ወደ አእምሮ የሚዘልቀው በመጀመሪያ በእንቅልፍ በኩል ነው። ከሁሉም ጥልቅ የሆነውና አካልን የሚያድሰው እንቅልፍ በአብዛኛው የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሰዓታት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተኙ አባት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሞላ ሽንት ካስነሳቸው ያ እንቅልፍ ተቆርጧል። ደግመው ይተኛሉ፤ ደግመው ይነሳሉ። ሽንት ቤቱ በግቢው ጥግ ከሆነ ጋቢ ለብሶ፣ ጫማ ፈልጎ፣ በጨለማ መውጣት አለ። ሱሉልታ ላይ የሌሊቱ ብርድ ብቻውን እንቅልፍ ያባርራል፤ ብርድ ደግሞ ራሱ ሽንት ያበዛል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 6,000 የሚጠጉ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ አንድ ትልቅ ጥናት የሽንት ችግራቸው የበረታባቸው አዛውንቶች ይበልጥ እንደሚወድቁ አሳይቷል። ለወራት እንቅልፉ እየተቆራረጠ ያደረ ሰው ቀን ላይ ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ምንም ነገር ደስ አይለውም። የድብርት ምልክቶች የምንላቸውም እነዚሁ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ኀፍረት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሽንት የሚያስቸግረው ወንድ የመጀመሪያ ፍርሃቱ «ጨብጥ ነው ይሉኛል» የሚል ነው። ስለዚህ «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ብርድ የማያሳፍር ምክንያት ነው። ፋርማሲ ሄዶ የብርድ መድኃኒት ብሎ አንቲባዮቲክ ይገዛል፤ ለጥቂት ቀን የቀለለው ይመስለዋል፤ ይመለሳል። ሱሪው ላይ ጠብታ መታየቱ፣ ልብሱ መሽተቱ ያሳስበዋል። በሰው ፊት መቀመጥን ይፈራል፤ የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ ማስቀመጥ እንኳ ያሳቅቀዋል። ከባለቤቱ ጋር ያለው የአልጋ ግንኙነትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጎዳል፤ ይህን ግን ለማንም አይናገርም። ብዙዎች ደግሞ መኝታ ይለያሉ። «እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው» ይላሉ። እሷ ሌላ ትርጉም ትሰጠዋለች።

በአምልኮ ላይ ያለው ጭንቀት ተለይቶ መነሳት አለበት። ረጅም ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ የለመደ ሰው መሀል ላይ መውጣትን እንደ ነውር ያያል፤ ልብሱ የረጠበበት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መግባት እንደማይገባው ራሱን ያሳምናል። ሙስሊሙ አባትም ውዱኡ እየፈረሰ ሶላቱ ተቀባይነት ያጣ ይመስለዋል። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ግን ሽንት አልቆም ያለው ሰው ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚችል የታወቀ ነው። ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ቢያማክር የሕመምተኛ መንገድ ይነገረዋል። ካህናትና ኢማሞች ይህን ከመድረክ አንድ ጊዜ ቢናገሩት በዝምታ ከጉባኤ የራቁ ስንት አባቶችን በመለሱ ነበር።

በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በስዊድን ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ 30,000 ሰዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከወንዶቹ 72 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አልፎ አልፎ አንድ ዓይነት የሽንት ችግር እንደሚገጥማቸው አገኘ። ችግራቸው አንድ ብቻ ያልሆነ፣ ማለትም መቋጠርም መጨረስም ያቃታቸውና ከጨረሱ በኋላም የሚንጠባጠብባቸው፣ በጭንቀትና በድብርት ልኬት ከሁሉም የባሱ ሆነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 14 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ይገልጻል። ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ ከቡራዩ በሆለታ በኩል የሚሄደው መንገድ በሚያደርስበት አምቦ ከተማ አረጋውያን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከመቶ 42 ያህሉ የድብርት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ለአረጋውያን በተዘጋጀ ባለ 15 ጥያቄ መለኪያ የተገኘ ውጤት ነው፤ እያንዳንዱን ሰው ሐኪም መርምሮ የደረሰበት ውሳኔ ባይሆንም ቁጥሩ ትልቅ ነው።

ግንኙነቱ የኑሮ ብቻ አይደለም፤ በአካል ውስጥም አለ። ፊኛ ሲሞላ «አሁን አይደለም፣ ቆይ» የሚለው የአንጎል የፊት ክፍል ነው። ስሜትን የሚገራውም ይኸው አካባቢ ነው። ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በስሜት ላይ እንደሚሠራ ሁሉ በፊኛ መቆጣጠሪያ ነርቮችም ላይ ይሠራል። የተጨነቀ ሰው ፈተና ሲቃረብ ወይም ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሽንቱ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል፤ ጭንቀቱ ዓመት ሙሉ ሲቆይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በመድኃኒት በኩል ያለው ትስስር ደግሞ አደገኛ ነው። አሚትሪፕቲሊን በአገራችን ጤና ተቋማት ለድብርት፣ ለእንቅልፍ እጦትና ለነርቭ ሕመም በስፋት የሚታዘዝ፣ ርካሽና ለብዙዎች የጠቀመ ክኒን ነው። ነገር ግን የፊኛን ጡንቻ ያዳክማል። ፕሮስቴቱ ላበጠ አዛውንት ሲሰጥ ሽንቱን ጨርሶ ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ ሌላ መድኃኒት ወይም የምክር ሕክምና ይመረጣል። ይህ የሚሆነው ግን ባለሙያው «ሽንትዎ እንዴት ነው?» ብሎ ከጠየቀ ብቻ ነው። በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ጉዳት አላቸው። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ለፕሮስቴት የሚሰጠውን ፊናስተራይድ በተመለከተ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ መካከል እንደሚቆጠር አረጋግጧል። አብዛኛው ማስረጃ የመጣው ለፀጉር መመለጥ ከሚወሰደው አነስተኛ መጠን ነው፤ መድኃኒቱን የሚወስዱ አባቶች በራሳቸው እንዲያቆሙ ምክንያት አይሆንም። ስሜታቸው ከተለወጠ ግን ለሐኪማቸው ቶሎ መናገር አለባቸው።

ድብርቱንስ ባለሙያ ይለየዋል ወይ? ከሰበታ፣ ዓለም ገና ላይ ታጥፎ ወደ ደቡብ የሚሄደው አስፋልት ሶዶንና ቡታጅራን ያገናኛል። ቡታጅራ የኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ምርምር ለአሥርት ዓመታት የተካሄደበት አካባቢ ነው፤ በሶዶ ወረዳም የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ድብርትን ለይተው እንዲያክሙ የሚያሠለጥን ፕሮጀክት ተሠርቷል። በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አንድ መራራ ነገር ገለጠ፤ በመለኪያ ድብርት ካለባቸው ተመላላሽ ታካሚዎች እጅግ የሚበዙትን ባለሙያዎቹ ሳይለዩዋቸው አሳልፈዋል። ሰዎቹ «ተደብሬአለሁ» ብለው አይመጡም፤ ራሴን፣ ወገቤን፣ ሆዴን፣ ኩላሊቴን ብለው ነው የሚመጡት። አዛውንት ወንድ ደግሞ «ልቤ ተሰብሯል» ከማለት «ብርድ ነው» ማለት ይቀለዋል። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው የአማኑኤል ሆስፒታል ስምም ለብዙው ሰው ያስፈራል፤ «እብድ ነው ሊሉኝ ነው?» የሚል ፍርሃት አለ። ለድብርት ግን አማኑኤል ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ደረጃም እንዲሰጥ ተወጥኗል።

ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ድንገተኛ ሁኔታ አለ። ትናንት ደህና የነበሩ አባት ዛሬ ቀን ከሌሊት ተምታቶባቸው፣ ልጃቸውን በሌላ ስም እየጠሩ፣ እየተቆጡ ወይም ፈዝዘው ሲገኙ ቤተሰብ «አእምሮአቸው ሄደ»፣ አልያም «የሆነ ነገር ተጠናወታቸው» ይላል። ምክንያቱ ግን የተዘጋ ሽንት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች በሽንት መዘጋት ብቻ የተነሳ የአእምሮ መታወክ በአረጋውያን ላይ መዝግበዋል፤ ሽንቱ በቱቦ ሲወጣ አእምሮአቸው የተመለሰላቸው አሉ። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል መውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብ መውሰዱን አይተው፤ አስቀድሞ ግን በዚያው ቀን ጤና ተቋም ወስዶ ፊኛቸውን ያስመርምር። ይህ ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው። ሽንት ጨርሶ እምቢ ሲል፣ ደም ሲቀላቀልበት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲኖር፣ እግር ሲዝልም እንዲሁ።

ዝምታው ሲሰበር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ ከወደ እንግሊዝ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የንጉሥ ቻርልስ ቤተ መንግሥት ንጉሡ ላበጠ ፕሮስቴት ሊታከሙ መሆኑን ለሕዝብ ገለጠ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ስለ ፕሮስቴት እብጠት ያዘጋጀውን መረጃ የሚፈልግ ሰው በዚያው ቀን ከወትሮው ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ። አንድ የ75 ዓመት ሰው «እኔም አለብኝ» በማለታቸው ነው ይህ ሁሉ የሆነው። የሽማግሌ ቃል በሚሰማበት በእኛ አገር፣ በእድር ስብሰባ ላይ አንድ የተከበሩ አባት ተነሥተው «እኔ ታክሜ ድኛለሁ» ቢሉ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። የኢትዮጵያ አረጋውያንና ጡረተኞች ማኅበርም ይህን በአባላቱ መካከል መጀመር ይችላል።

ሕክምናው ምን ይመስላል? ታምሱሎሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች የዕጢውንና የፊኛውን አንገት ጡንቻ ያላላሉ፤ ለውጡ በቀናት ውስጥ ይታያል፤ ከመቀመጫ ድንገት ሲነሱ ራስ ሊያዞሩ ስለሚችሉ ግን ቀስ ብሎ መነሳት ነው። ፊናስተራይድ ዕጢውን ያሳንሳል፤ ግን ስድስት ወር ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። መድኃኒት ካልበቃ ቀዶ ሕክምና አለ፤ በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ ወይም ሆድ ተከፍቶ በፊኛ በኩል። እንደ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስቶች አሉ፤ ከሸገር ከተሞች ሪፈር የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ ወደ እነርሱ ነው። ወረፋው ረጅም ሲሆን ታማሚው ሽንቱ በቱቦ እየወረደ፣ ከረጢት በልብሱ ሥር አንጠልጥሎ ይጠብቃል። ያ ጥበቃ ለመንፈስ እጅግ ከባዱ ጊዜ ነው። ቱቦ የገባለት ሰው ስሜቱ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቀው ባለሙያ አለመመደቡ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

በቤት የሚደረገውም የሚናቅ አይደለም። ብዙ አባቶች ሽንት እንዳይመጣ ብለው ውኃ ይተዋሉ፤ ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛውን ያቃጥላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ የደረቀ ሆድ ደግሞ ፊኛን ይጫናል። ውኃውን በቀን ጠጥቶ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት መቀነስ ይሻላል። ማታ ላይ ቡና፣ ሻይ፣ ጠላና ጠጅ መተው ሌሊቱን ያቀላል። ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጫት የሚቅሙም አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው፤ ጫት ከመቃም በኋላ የሽንት ፍሰት እንደሚቀንስ በጤነኛ ወንዶች ላይ ሳይቀር በምርመራ ታይቷል። ፕሮስቴት ላበጠ ሰው ውጤቱ ይብሳል፤ እንቅልፉንም ይወስዳል።

ዓለም አቀፉ የፕሮስቴት ምልክት መለኪያ ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ35 ነው። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ስምንተኛው ጥያቄ ግን ስለ ፍሰት አይጠይቅም። ቀሪ ሕይወትዎን አሁን ባለው የሽንት ሁኔታ ቢያሳልፉ ምን ይሰማዎታል? ይላል። ከሁሉም ጥያቄ ወደ ልብ የሚቀርበው ይህ ነው፤ «በጣም ይከፋኛል» ያለ ሰው ድምሩ ትንሽ ቢሆንም መታከም ይገባዋል። ከዚህ ጋር ላለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮች ደስታ ነፍገውዎታል ወይ? ሆድዎን ባር ባር ይለዎታል ወይ? የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሪፈሩም ከዚያው ይጻፋል። ስለዚህ አባታቸው ከሰው የራቁባቸው ልጆች «ለምን አትወጡም?» እያሉ ከመውቀስ ይልቅ ለብቻቸው ሲሆኑ «አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» ብለው ይጠይቁ። ባለቤትም መኝታ የለዩበትን ምክንያት ታውጣጣ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሦስት ቀን የሽንት ሰዓት በወረቀት መዝግበው፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ፣ የጉንፋኑን ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ «ብርድ ነው» ብለው አይጀምሩ፤ ሽንቱንም ሐዘኑንም በአንድ ላይ ይንገሩ።